ጥቁር ጉድጓድ ያበራልን?

ከእንጦጦ ግርጌ የጻፉልን አንዲት የፊዚክስ መምህርት ተማሪዎቻቸውን ይዘው 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ወጥተው ነበር። ልጆቹ ባለ 1 ሜትር መስታወት የሆኑትን ሁለት ቴሌስኮፖች አይተው ሲመለሱ በክፍላቸው ግድግዳ ላይ «በኳሳር መሀል ያለው ጥቁር ጉድጓድ ከመላው ጋላክሲ ይልቅ ያበራል» የሚል ጽሑፍ ሰቀሉ። ጥቁር ጉድጓድ እንግሊዝኛው «ብላክ ሆል» የሚለው ነው፤ ኳሳር ደግሞ ከሩቅ ኮከብ መስሎ የሚታይ እጅግ ደማቅ የጋላክሲ እምብርት ነው። የአማርኛው መምህር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ያስበራል» ብለው አረሙት። መምህርቷ «ማን ነው ትክክል? ደግሞስ ‹ጉድጓድ› ነው ወይስ ‹ቀዳዳ›?» ይላሉ።

ልጆቹም አራሚውም አልቀናቸውም።

ግሱ ከግዕዝ የመጣ ነው። በርሀ ማለት ብሩህ ሆነ፣ አብርሀ ማለት ብሩህ አደረገ ነው። አማርኛ «ሀ»ን ውጦ በራ፣ አበራ አላቸው፤ በ«ብርሃን» እና በ«ብሩህ» ላይ ግን ፊደሏ እስካሁን አለች። አብርሃና አጽብሃ የሚባሉት የነገሥታት ስሞች አንዱ «አበራ»፣ ሌላው «አነጋ» ማለት ናቸው። ለጥያቄው አያስፈልግም፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ ግን አልሆነልኝም።

«ልጁ ሻማ አበራ» ስንል የሚበራው ሻማው ነው። ችግር የሚመጣው «ፀሐይ አበራች» ስንል ነው፤ ተሳቢ የለም፣ ፀሐይም ራሷ ፈካች ማለት ነው። ስለዚህ «ጉድጓዱ ያበራል» ያለ ተሳቢ ሲነበብ ጉድጓዱ እንደ ፀሐይ የሚፈካ ይመስላል። ከዚያ ጉድጓድ ግን ብርሃን እንኳ አያመልጥም። የሚበራው ዙሪያውን እየተሽከረከረ ወደ ውስጥ የሚወርደው ጋዝ ነው፤ እርስ በርሱ እየተፋተገ ይግላል፣ ከክብደቱም አንድ አሥረኛ ያህሉ ኃይል ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በፀሐይ እምብርት ሃይድሮጂን ወደ ሂሊየም ሲለወጥ የሚወጣው 0.7 በመቶ ብቻ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማርተን ሽሚት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በሰንቡላ ኅብረ ከዋክብት አቅጣጫ ያለው 3ሲ 273 የተባለው ኳሳር ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ እንደሚርቅ ያሳየው ኮከብ መስሎ የሚታየውን ይህን መሰል ብርሃን መርምሮ ነው። «ኳሳር» የሚለው ስም ራሱ «ኮከብ መሰል» ከሚል አጠራር አጥሮ የወጣ ነው።

በዚያው አቆጣጠር በ2019 ይፋ የሆነውን፣ በኤም 87 ጋላክሲ መሀል ያለውን ጥቁር ጉድጓድ ምስል ልብ ብሎ ያየ ሰው ሰዋስው አያከራክረውም። ዙሪያው ቀለበት ነው፣ በርቷል። መሀሉ የፀሐይን 6.5 ቢሊዮን እጥፍ የሚመዝነው ጉድጓድ ያለበት ጨለማ ነው፤ አልበራም፣ ቀለበቱን ግን አበራው።

ታዲያ «ያስበራል» ለምን አይሆንም? አስበራ ሦስተኛ ወገን ይፈልጋል፤ «እመቤቲቱ በሠራተኛዋ ሻማ አስበራች» እንደሚባለው። በኳሳር ውስጥ ይህን ሥራ የሚቀበል ሠራተኛ የለም። የሚያስፈልገው «ን» እና «ው» ብቻ ነው፦ «ጥቁሩ ጉድጓድ በዙሪያው ያለውን ጋዝ ያበራዋል»። ባለቤቱ ኳሳሩ ራሱ ከሆነ ደግሞ «ኳሳሩ ያበራል» ማለት ምንም ነቀፌታ የለበትም።

ወደ ስሙ ስንመጣ፣ «ቀዳዳ» ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ጠፈር እንደ ጨርቅ ይቀደዳል ብለው ነው። እኔ አልቀበለውም። ቀዳዳ ከቀደደ ነውና ወዲያኛው ወገን አለው፤ የመርፌ ቀዳዳ ክሩን፣ የወንፊት ቀዳዳ ዱቄቱን ያሳልፋል። ይህኛው ግን የገባውን ያስቀራል። ጉድጓድ ይሻላል፣ ግን እሱም ቢሆን ሰው የቆፈረው ይመስላል፤ ግንባታ በማያባራባት በከተማችን ዳርቻ ለመሠረት የሚቆፈረውን ሁሉ ያስታውሰኛል። ምርጫዬ ከግዕዝ የወረስነው «አዘቅት» ነበር፤ ጥልቅ ነው፣ ጨለማ ነው፣ መውጫም የለውም። ነገር ግን «ጥቁር አዘቅት» ሲል የሰማሁት ራሴን ብቻ ነው። ጋዜጣውም ተማሪውም «ጥቁር ጉድጓድ» ብሏል፤ ምን ይደረግ፣ የብዙኃኑን አጠራር በአንድ ብዕር መመለስ አይቻልም። የአማርኛው መምህር ቀዩን እስክሪብቶ ይዘው ይምጡ፣ «ጉድጓድ»ን ይተዉት፣ «ያስበራል»ን ይሰርዙ፣ ጋዙን ከነተሳቢው ያስገቡት።