የትናንት ባልደረባህ አለቃህ ሲሆን

ልጆቼ፣ ስዊድን ውስጥ ረጅም ዘመን በስፖርት መምህርነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣቶች ስለ ሥራ ሲያማክሩኝ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ቅሬታ አለ። “አብሮኝ የሠራው ልጅ አለቃዬ ሆኖ ተሾመ። እንዴት ከእሱ ሥር እሠራለሁ?” ይሉኛል። በዚህ ብቻ ጥሩ ሥራ ጥለው የወጡ አውቃለሁ። ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ኡልፍ ሳሙኤልሰን ላጫውታችሁ። የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ነበር፤ በኋላም አሰልጣኝ ሆነ። የምጠቅሰው ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በ1964 ስዊድን ውስጥ ፋገርስታ በምትባል የብረት ፋብሪካ ከተማ ተወለደ። ለሌክሳንድ ክለብ ተጫወተ። በ1984 አሜሪካ ሄዶ ሃርትፎርድ ዌለርስ የሚባል ቡድን ገባ። ተከላካይ ነው። የተከላካይ ሥራ ልፋት እንጂ ጭብጨባ የለውም። ጎሉ ፊት ቆሞ ተቃራኒውን ይገፋል፤ በኃይል የተመታውን ፓክ፣ ማለትም በኳስ ፈንታ የሚጫወቱበትን ጠፍጣፋ ጎማ፣ በገላው ያቆማል። በአሜሪካና ካናዳው ትልቁ ሊግ በኤንኤችኤል 1080 መደበኛ ጨዋታ ተጫውቶ ያገባው 57 ጎል ብቻ ነው።

በጥሎ ማለፉ ያገባት አንዲት ጎል ግን ታሪክ ሆናለች። በ1991 ወደ ፒትስበርግ ቡድን ተዛወረ። ግንቦት 25 ቀን 1991 ፒትስበርግ ሚኒሶታን 8 ለ 0 አሸንፎ የመጀመሪያውን ስታንሊ ካፕ፣ የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ወሰደ። የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ተጋጣሚው ምንም ስላላገባ የማሸነፊያዋ ጎል ሆና ተመዘገበች። በ1992 ዋንጫውን ደገሙት።

ሁሉን ነገሩን ተከተሉ ማለቴ አይደለም። የቅጣት ደቂቃው 2453 ነው። አንድ ጨዋታ 60 ደቂቃ መሆኑን አስቡና አስሉት፤ ከ40 ሙሉ ጨዋታ በላይ በቅጣት ወንበር ተቀምጧል ማለት ነው። በ1991 የቦስተኑን ካም ኒሊን እግሩ ላይ የገጨው ግጭት እስከ ዛሬ ያስወቅሰዋል። ኒሊ ከዚያ በኋላ ከጉዳት ጋር ሲታገል ኖሮ በ1996 ገና በ31 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። እኔ ለዚህ ማስተባበያ አልፈልግለትም። ከሱ እንድትወስዱ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው።

በ1998 በናጋኖ ኦሎምፒክ ለስዊድን ተሰልፎ ከተጫወተ በኋላ ከውድድሩ ወጣ። የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ ነበር። የዚያን ጊዜው የስዊድን ሕግ ደግሞ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደውን የስዊድን ዜግነት ያሳጣው ነበር። ስዊድን ሕጉን በ2001 ለውጣለች። የኛ አገር ሕግ ግን ዛሬም ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት የሁለቱንም አገር ሕግ አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሳሙኤልሰን መጫወት ካቆመ በኋላ በ2006 የኤንኤችኤሉ ፊኒክስ ቡድን በምክትል አሰልጣኝነት ገባ። ዋናው አሰልጣኝ ዌይን ግሬትስኪ ነው። ሁለቱ ኒውዮርክ ሬንጀርስ አብረው ተጫውተዋል። በ2009 ግሬትስኪ ለቆ ዴቭ ቲፔት ተሾመ። እሱስ ማነው? የሃርትፎርድ ዘመን የቡድን ጓደኛው። ሳሙኤልሰን በዚያን ጊዜ ከቡድኑ ጋር 3 ዓመት ቆይቷል፤ ወንበሩ ግን ከውጭ ለመጣው የድሮ ጓደኛው ተሰጠ። አላኮረፈም አልልም፤ የሰው ልብ አይታይም። ሥራውን ግን አልጣለም፤ እስከ 2011 ከቲፔት ጎን ሠራ።

ከዚያ አገሩ ተመልሶ የሞዶ ክለብ ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በ2013 እንደገና ምክትል ለመሆን ወደ ኒውዮርክ ሄደ። ቡድኑ በ2014 ለፍጻሜ ደረሰ። በ2016 ደግሞ በአንድ ደረጃ ዝቅ ባለው ሊግ የሻርሎት ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ሻርሎት ያኔ በኤንኤችኤሉ ካሮላይና ሥር የነበረ ቡድን ነው። የካሮላይና ሥራ አስኪያጅ በጊዜው ሮን ፍራንሲስ ነበር፤ በ1991 ከሃርትፎርድ ወደ ፒትስበርግ በአንድ ዝውውር አብሮት የሄደው ሰው! በ2017 ሺካጎ ገብቶ የጆኤል ኬንቪል ምክትል ሆነ። ኬንቪልም ሃርትፎርድ አብሮት የተከላከለ ነው።

ዋና፣ ምክትል፣ ዋና፣ ምክትል። እኛ ዘንድ ይሄ “ወረደ” ያስብላል። እኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነው። አራቱም ሰዎች ሳሙኤልሰንን የሚያውቁት በሲቪው አይደለም። ተጎድቶ ሲጫወት፣ ተሸንፎ መልበሻ ክፍል ሲገባ አይተውታል። ዛሬ አጠገባችሁ የተቀመጠው ባልደረባም እናንተን እያያችሁ ነው። ደክሞት ስታግዙት፣ ስህተቱን በሰው ፊት ሳታጋልጡ ስትነግሩት ያስታውሳል። ሲሾም አኩርፋችሁ ብትሄዱ ያንን ሁሉ ታሪክ በገዛ እጃችሁ ትጥሉታላችሁ።

ዋጋ አለው ታዲያ። በኅዳር 2018 ሺካጎ ኬንቪልን ሲያሰናብት ሳሙኤልሰንም አብሮ ተሰናበተ። ምክትል የዋናውን ዕጣ ይካፈላል። ስለዚህ የምክትልነት ሥራ ቀርቦላችሁ ስትጠይቁኝ እኔ ደመወዙን አላስቀድምም። ዋናው ማነው? ነገር ሲበላሽ በሰው ያሳብባል ወይስ እሱ ይሸከማል? የምታውቁት ሰው ከሆነ መልሱ በእጃችሁ ነው። የማታውቁት ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ከሱ ሥር የሠራ ሰው ፈልጋችሁ ቡና ጋብዙና ጠይቁ።