ልጄ ከክበብ ትውጣ ወይስ ትቆይ?

በዚህ ሰሞን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ከሰሜን ሸዋ ናቸው። ሦስቱም ስለ ሴት ተማሪዎችና ስለ ክበብ። ተጠራርተው የጻፉ እስኪመስለኝ ድረስ! እንግዲህ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። ልጄ ሴቶች ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት 11ኛ ክፍል ናት። ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና ታነባለች፣ የክርክር ቡድን ውስጥም አለችበት። ዘንድሮ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ተወዳድረው ሁለተኛ ወጡ። እኔ ደስ ብሎኝ ሰርተፊኬቷን በፍሬም አሠርቼ ሳሎን ሰቀልኩት። አባቷ ግን «ሰርተፊኬት እንጀራ አይሆንም፤ ማትሪክ እየደረሰ ነው፤ ከነገ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቤት» አሉ። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። (እናት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አባቷ ከመሬት ተነስተው አልፈሩም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤቱን ሁላችንም አይተናል። ከ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ይህን የሰማ አባት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ እሳቸውን እንደ ሴት ልጅ ጠላት አይዩብኝ።

ግን ልጅቷ የምትሠራውንም ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ለአንድ ክርክር ስትዘጋጅ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ወገን ማንበብ አለባት፤ የትኛው እንደሚደርሳት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በዕጣ ነውና። መድረኩ ላይ የሚሰጣት ጥቂት ደቂቃ ነው። እሱን ከፋፍላ ትናገራለች፣ ሌላዋ ስትናገር ማስታወሻ ትይዛለች፣ ከዚያ ነጥብ በነጥብ ትመልሳለች። ሚኒ ሚዲያም ቢሆን ማይክ መያዝ ብቻ አይደለም፤ ለዕረፍት ሰዓት ፕሮግራም ጽሑፍ ይለቀማል፣ ያጥራል፣ መምህሩ አይቶት በቀይ እስክሪብቶ ተሰነጣጥቆ ይመለሳል፣ እንደገና ይጻፋል። ይህ ሁሉ ንባብና ጽሕፈት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከሁለቱ አንዱን ትምረጥ፣ ሌላውን ትተወው። የመንፈቀ ዓመቱ ካርድ ሲመጣ ሦስታችሁም ቁጭ ብላችሁ እዩት፤ ውጤቷ ከወረደ ትቀንስ፣ ካልወረደ ማንም አይንካት። 12ኛ ክፍል ስትገባ ደግሞ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሳይጀምር ኃላፊነቱን ለታናናሾቿ ታስረክብ። ማስረከብም ራሱ ሥራ ነው፤ ተተኪ አሠልጥና የወጣች ልጅ ዋንጫ ይዛ ከወጣችው አታንስም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አይቆጡኝ። ክበቡ በሳምንት የሚወስድባት ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። እንጀራ መጋገሩ፣ ዕቃ ማጠቡ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡና ማፍላቱስ ስንት ሰዓት ይወስዳል? ወንድም ካላት እሱ በዚያ ሰዓት ምን እየሠራ ነው? የጥናት ጊዜ ጠፋ ከተባለ ፍለጋው ከዚያ ይጀመር። አባቷንም ቀጣዩ ክርክር ላይ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ከፊት ወንበር ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት የክበባት አስተባባሪ ነኝ። በዓመቱ መጨረሻ የወላጆች ቀን ላይ የሚሸለሙት ሁልጊዜ እነዚያው የከተማ ልጆች ናቸው። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ክበብ ላይ አይታዩም። አንዳንድ መምህራን «ፍላጎት የላቸውም» ይላሉ። እኔ ግን አላመንኩም። ምን ባደርግ ይሻላል? (መምህርት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እንኳንም አላመኑ። ክበባችሁ የሚሰበሰበው መቼ ነው? ቅዳሜ ከሆነ መልሱ ተገኘ ማለት ነው። ተከራይታ የምትማር ልጅ ዓርብ ከክፍል እንደወጣች መንገድ ትጀምራለች፤ ቤተሰቦቿ ጋ ደርሳ ቅዳሜን ስታግዝ ትውላለች። እሑድ ከሰዓት በሶዋን፣ ቆሎዋን፣ ድርቆሿንና ዱቄቷን ተሸክማ ትመለሳለች። ያቺ ስንቅ የሳምንት ኑሮዋ ናት። ቅዳሜ ጠዋት የተጠራ ስብሰባ ለእሷ እንዳልተጠራ ይቆጠራል፤ እናንተ ደግሞ ስም ጠርታችሁ «ቀሪ» ትላላችሁ።

ረቡዕ ወይም ሐሙስ አድርጉት፣ ከትምህርት ሰዓት ሳይርቅ። ከ11 ሰዓት አይለፍ። የመንዝን ብርድ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲመሽ ምን እንደሚመስል ያውቁታል፣ ሴት ልጅ በጨለማ ብቻዋን እንድትሄድ የሚፈቅድ ወላጅም የለም። ስፖርት ላይ ቁምጣ ግዴታ ከሆነም ይቅር። በቱታም ይሮጣል፣ በቱታም መረብ ኳስ ይጫወታሉ። የንጽሕና መጠበቂያ የሚገኝበትና በር ያለው መጸዳጃ ቤት ከሌለ ደግሞ በወር ውስጥ የተወሰኑ ቀናት የሚቀሩት ለምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። የልጃገረዶች ክበብ ካላችሁ የመጀመሪያ ሥራው ይኼ ይሁን።

ሌላው የምትሸልሙት ነገር ነው። ሩጫ፣ ጥያቄና መልስ፣ ግጥም፤ ጥሩ ናቸው፣ ግን የገጠሯ ልጅ የምታውቀውን የሚነካ ነገር አለ ወይ? ጓሳ አጠገባችሁ ነው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያሉበት፣ የአገሬው ሰው ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ ሣሩ ሲደርስ ለአጨዳ እየከፈተ ያቆየው ቦታ። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ስለ ዝናብ ደን ከመጽሐፍ ቀድቶ ግድግዳ ላይ ከሚለጥፍ፣ አያቷ የጓሳ ሣር አጭዶ ቤት የከደነው ልጅ ቆማ ታስረዳ። መቼ ይዘጋል፣ ማን ይጠብቃል፣ ደንቡን የጣሰ ምን ይደረጋል፤ ቤተሰቧን ጠይቃ ጽፋ ትምጣ። የበግ ጠጉር ፈትሎ ባና ስለመሥራትም እንደዚሁ። ያኔ የከተማዋ ልጅ ማስታወሻ ትይዛለች።

ሰርተፊኬቱ ላይም «ላደረገችው ተሳትፎ» ብላችሁ አትለፉት፤ ይህ ለማንም የሚሰጥ ቃል ነው። እያንዳንዱ ክበብ መዝገብ ይኑረውና ማን ምን እንደሠራች ከነቀኑ ይጻፍ። «የክበቡን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ይዛ ሒሳቡን አስረክባለች» የሚል ሰርተፊኬት ስታነብ እናቷም ይገባታል።

ጥያቄ፦ ሰላም! 12ኛ ክፍል ነኝ። ከ9ኛ ጀምሮ ያገኘሁት የሰርተፊኬት ክምር አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ይጠቅመኛል? ውጭ አገርስ? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ እህቴ፣ የአገር ውስጡን ቁርጡን ልንገርሽ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ በፈተና ውጤትሽና በምርጫሽ ነው የሚሠራው፤ ሰርተፊኬትሽን ማንም አያይልሽም። አሁን ጥናትሽ ላይ በርቺ።

ውጭ ሌላ ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የሚባል የማመልከቻ ቅጽ አለ። እዚያ ላይ ከክፍል ውጪ የሠራሽውን እስከ 10 ድረስ መዘርዘር ትችያለሽ። የእያንዳንዱ ማብራሪያ ግን ከ150 ፊደል አይበልጥም፣ ክፍት ቦታውም ይቆጠራል። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት፣ በየትኛው ክፍል ሳለሽ የሚለውንም ይጠይቅሻል። ስለዚህ «የቀይ መስቀል ክበብ አባል» ብለሽ ቦታ አታባክኚ። ምን ሠራሽ? ስንት ተማሪ አስተማርሽ? ያንን ጻፊ። ቤት ውስጥ ታናናሾችሽን ማሳደግሽም፣ ገበያ ላይ መሥራትሽም ይቆጠራል፤ ቅጹ ለቤተሰብ ኃላፊነትና ለሥራ ቦታ አለው። አካውንት መክፈት በነፃ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ ክፍያ ካለው አቅም እንደሌለሽ ገልጸሽ እንዲቀርልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። «ስኮላርሺፕ አስገኝልሻለሁ፣ መጀመሪያ ብር ላኪ» የሚልሽ ሰው ከመጣ ስልኩን ዝጊበት።

ከርእሰ መምህሩ ወይም ከክበቡ ተጠሪ መምህር ደብዳቤ የምትፈልጊ ከሆነ ክረምት ሳይገባ ጠይቂ፤ ሐምሌ ላይ ማንንም ቢሮ አታገኚም።