ቫይረስ ይራባል ወይስ ይባዛል?

ጥያቄ፦ ባክቴሪያን ስለሚያጠቁ ቫይረሶች አጭር ጽሑፍ ሳዘጋጅ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቫይረሱ ዲኤንኤውን በጭንቅላቱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ወደ ባክቴሪያው ይገባል፤ እዚያም ይራባል።» አርታኢዬ «ይራባል» የሚለውን ሰርዞ «ይባዛል» አደረገው። ለምን ስለው «እንደዚያ ነው የሚባለው» ብሎ አለፈኝ። ከብትም ይራባል፣ ባክቴሪያም ይራባል። ቫይረስ ምን አጥፍቶ ነው?

መልስ፦ አርታኢዎ ልክ ነው። ጥፋቱ ምክንያቱን አለመንገሩ ነው። ደግሞ ካነሱት አይቀር፣ እሱም ያላያቸው ሁለት ግሶች በዓረፍተ ነገርዎ ውስጥ ቀርተዋል።

ከ«ይራባል» እንጀምር። ላም ትወልዳለች፣ ጥጃው ይጠባል፣ ያድጋል። ባክቴሪያም ቢሆን ይመገባል፣ ይፋፋል፣ ከዚያ ለሁለት ይከፈላል። መራባት ስንል በልቶ፣ አድጎ፣ ከገዛ አካሉ ቢጤውን ማውጣት ማለታችን ነው። ቃሉ ሌላም መዘዝ አለበት። «ተራባ»ም «ተራበ»ም ለነገ ሲነገሩ ያው «ይራባል» ናቸው። «ዘንድሮ ከብቱ ይራባል» የሚል ርዕስ ቢያዩ ደስ ይበልዎት ወይስ ይዘኑ?

ቫይረስ በሁለቱም አይራባም። አይበላም፣ አያድግም። የሚገርመው ግን ስሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ፊሊክስ ዴሬል የተባሉ ተመራማሪ የባክቴሪያ ቫይረሶችን «ባክቴሪዮፌጅ» አላቸው። በግሪክኛ «ባክቴሪያ በላ» እንደማለት ነው። ስም ብቻ!

«ይባዛል» ከቢሮ የመጣ ሽታ አለው። የድሮውን የማባዣ መኪና ያስታውሳሉ? ደብዳቤ በስቴንስል ተጽፎ ይባዛል። ደብዳቤው ግን ምንም አልሠራም። ወረቀቱም ቀለሙም የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ እጀታውን የሚያዞረውም ሰውዬው ነው። «ይህን ደብዳቤ ለ10 ሰው አባዝተህ ካላደልክ መዓት ይመጣብሃል» የሚሉት ወረቀቶች ትዝ ይሉኛል። ቫይረስ ማለት ቁርጥ እንደዚያ ወረቀት ነው። አባዙኝ የሚል ትእዛዝ ይዞ ሰው ቢሮ ይገባል። ለዚህ ነው «ራሱን ያባዛል» የሚለውንም የማልወደው።

ላምዳ የሚባለውን ቫይረስ እንይ። የሚያጠቃው ኢ ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ነው። ዲኤንኤው፣ ማለትም መመሪያው የተጻፈበት ሞለኪውል፣ 48,502 ጥንድ ኬሚካላዊ ፊደል ያለው አንድ ክር ነው። በሁለቱም ጫፍ 12፣ 12 ፊደል ነጠላ ሆኖ ይንጠለጠላል። ባክቴሪያው ውስጥ ሲገባ እነዚያ ጫፎች ተገጣጥመው ክሩ ቀለበት ይሆናል። ከዚያ የባክቴሪያው የራሱ መሣሪያ ይገለብጠዋል። ቆይቶ ደግሞ ቀለበቱ ይሽከረከርና እንደ እንዝርት ክር ይመዘዝበታል። ጫፍና ጫፋቸው የተያያዘ ብዙ ቅጂ፣ አንድ ረጅም ክር ላይ! የቫይረሱ ኢንዛይም ልኩን እያየ ይቆርጠዋል። ጭንቅላቱ ለብቻ፣ ጅራቱ ለብቻ ይሠራና በመጨረሻ ይገጣጠማል። ግልገል ላምዳ የሚባል ነገር የለም። አንድ ሰዓት ግድም ሲሆን ባክቴሪያው ይፈነዳና ወደ መቶ የሚሆኑ ላምዳዎች ይወጣሉ።

አሁን ወደ «ያስቀምጣል»። ይሄ ግስ በጣም ለዘብ ብሎብኛል። ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የላምዳ ጭንቅላት ስፋት 60 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የክሩ ርዝመት ደግሞ 16 ማይክሮሜትር ያልፋል። ጭንቅላቱን 10 ሴንቲሜትር የሆነ ትልቅ ብርቱካን ቢያደርጉት፣ ክሩ 27 ሜትር ይሆናል። ይሄ ይታጨቃል እንጂ አይቀመጥም። መጀመሪያ ባዶው ጭንቅላት ይሠራል፤ አፉ ላይ የተገጠመ የፕሮቲን ሞተር ክሩን እየገፋ ይጠቀጥቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ፋይ 29 የተባለ የሌላ ባክቴሪያ ቫይረስ ሞተር ጉልበት ተለክቶ ነበር። ሞልቶ ሲያበቃ የውስጡ ግፊት ወደ 60 አትሞስፌር ይጠጋል ተብሎ ተሰላ። ጎሚስታ የመኪና ጎማ ላይ ከሚሞላው ከሃያ እጥፍ በላይ ነው።

«ቫይረሱ ይገባል» የሚለውም ለዚህ ዓይነቱ ቫይረስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1952 ተመራማሪዎቹ አልፍሬድ ኸርሺ እና ማርታ ቼዝ በአሜሪካ የሠሩት ሙከራ ይሄንኑ አሳይቷል። የቫይረሱን ፕሮቲን በጨረራማ ሰልፈር፣ ዲኤንኤውን በጨረራማ ፎስፈረስ ምልክት አደረጉበት። ባክቴሪያዎቹ ላይ ከለቀቁት በኋላ በወጥ ቤት መፍጫ ናጡት። ሰልፈሩ በአብዛኛው ከውጭ ተራገፈ፤ ፎስፈረሱ በብዛት ውስጥ ተገኘ። የገባው ዲኤንኤው ነው፤ የፕሮቲን ቀፎው ደጅ ቀርቷል። «እንደ መርፌ ይወጋል» የሚሉ ጸሐፊዎችም አሉ። መርፌ ግን ከኋላው የሚገፋ አውራ ጣት ይፈልጋል። እዚህ ማፈትለኩን የሚያስጀምረው ያ ታጭቆ የነበረው ግፊት ነው።

ሁሉም እንዲህ ነው እንዳይሉ ግን አደራ። የሰው ኸርፐስ ቫይረስ ከነቀፎው ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ኒውክሊየሱ (የሕዋሱ ዲኤንኤ የሚኖርበት ክፍል) በር ላይ ነው ዲኤንኤውን የሚለቀው። ለእሱ «ይገባል» ቢሉ አልጣላዎትም። ኮሮና ደግሞ ዲኤንኤ የለውም፤ ያለው አርኤንኤ የተባለው የዲኤንኤ ዘመድ ነው። ስለ ቫይረስ በጥቅሉ ሲጽፉ «ዘረመል» ቢሉ ሁለቱንም ይይዝልዎታል።

ላምዳ አንዳንዴ ወዲያው አይባዛም። ዲኤንኤው የባክቴሪያው ዲኤንኤ ላይ ይቀጠልና ያደፍጣል። ባክቴሪያው በተከፈለ ቁጥር እሱም አብሮ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ሁለቱ ግሶች ተጣልተው አያውቁም፦ ባክቴሪያው ይራባል፣ የቫይረሱ ዲኤንኤ ይባዛል።

እኔ አርታኢዎ ብሆን እንዲህ አርመው ነበር፦ «የቫይረሱ ዲኤንኤ በጭንቅላቱ ውስጥ ታጭቆ ይቆያል፤ ቀፎውን ደጅ ትቶ ወደ ባክቴሪያው ይገባል፤ እዚያም ይባዛል።» ረዘመ ካለ ልኩን አይቶ ይቁረጠው።