ኮንትሮል አርምን በቤት መቀየር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ የሚጠይቁ ናቸው። ይኸውም ጎማውን የተሸከመውን ብረት ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው፣ በውስጠኛው ጫፉ ሁለት ጎሚኒዎች (ጎማና ብረት ተጣብቀው የተሠሩ ቀለበቶች)፣ በውጭኛው ጫፉ ደግሞ ቦል ጆይንት (በጎድጓዳ ውስጥ የሚዞር የኳስ መጋጠሚያ) ያለበት፣ ሎወር አርም ወይም ኮንትሮል አርም የምንለው ክንድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከላቸው፣ በእጃችን ያሉትን ቪትዞችና ኮሮላዎች አድሰን ማቆየት ግድ ሆኖብናል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የጋራዥ የእጅ ዋጋ ስለሚከብዳቸው ሥራውን በየደጃፋቸው ይሞክሩታል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የሚመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርጌ አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ከአያት የጻፉልን የቪትዝ ባለቤት ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲነዱ ከቀኝ የፊት እግር «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። የሰፈራቸው መካኒክ መኪናዋን ሳያነሣ ሁለቱንም አርም ገዝተው እንዲመጡ ነግሯቸዋል። ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት ችግሩን ራሳቸው ማረጋገጥ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ይችላሉ፤ ሳያረጋግጡም አይግዙ። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ሲሄዱ የሚሰማ ቀላልና ተደጋጋሚ መንቋቋት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከስታቢላይዘር ሊንክ፣ ማለትም መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት ከእግሩ ጋር ከሚያገናኘው አጭር ዘንግ ነው፤ የሊንክ ዋጋ ደግሞ ከአርም ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው። የአርሙ ጎሚኒ ያለቀ እንደሆነ ግን ፍሬን ሲይዙ ወይም ከቆሙበት ሲነሡ አንድ ጊዜ «ድው» የሚል ከባድ ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንድ ጊዜም ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። መኪናዋን በሚገባ አስደግፈው ካነሡ በኋላ በጎሚኒውና በሻንሲው መካከል ረዘም ያለ ብረት አስገብተው በመጠኑ ይፈልቅቁ። የጎሚኒው ላይ ላዩ ብቻ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ዕድሜው መግፋቱን እንጂ ማለቁን አያሳይም፤ የጎሚኒው ጎማ ከብረቱ ተላቆ ክፍተት ከታየ ግን አልቋል።

ቦል ጆይንቱን ለመፈተሽ የተነሣውን ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅንቁት። ከተነቃነቀ ሌላ ሰው ጋቢና ገብቶ ፍሬን ይያዝልዎትና ደግመው ይሞክሩ። ፍሬኑ ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ የሚጠረጠረው ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ይጠርጥሩ። መካኒክዎ ይህን ለማየት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይበቃው ነበር፤ እምቢ ካለ ሌላ መካኒክ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ አንድ አንባቢ የግራው ብቻ ቢያልቅ ሁለቱንም መቀየር ግዴታ ነው ወይ ይላሉ።

መልስ፦ ግዴታ አይደለም፤ ሁለቱም እኩል ዘመን ያገለገሉ ከሆነ ግን የቀኙም ብዙ ስለማይቆይ አብሮ ቢቀየር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የጻፉልን እኅት ከወንድማቸው ጋር ሆነው የኮሮላቸውን ሁለቱንም የፊት አርሞች በቤታቸው ቀይረው ነበር። ሥራው ያለ ችግር አለቀ፤ ድምፁም ጠፋ። ዓመት ሳይሞላ ግን ለዓመታዊው የደህንነት ምርመራ ሲሄዱ የሁለቱም ጎሚኒዎች ተቀደው ተገኙ። ሻጩ ርካሽ ዕቃ ስለሸጠላቸው ነው ብለው አዝነዋል፤ በዚህ ጊዜ ውድ የሆነውን ሊገዙ አስበዋል።

መልስ፦ እኅቴ፣ ውዱን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አርሙን ከሻንሲው ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች መጨረሻ ያጠበቃችሁት ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው ወይስ መኪናው ክብደቱን ካሳረፈ በኋላ? በደብዳቤዎ ላይ «ሁሉንም አጥብቀን፣ ጎማ አስረን አወረድነው» ብለዋል። እንግዲያው ዕቃው ደካማ ቢሆንም ባይሆንም፣ ጎሚኒዎቹን የቀደዳቸው የመጨረሻው አጠባበቅ እንደሆነ እገምታለሁ። ሁለቱ ጎኖች በአንድ ጊዜ መቀደዳቸውም ግምቴን ያጠናክረዋል።

በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ በቤት የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን በየጋራዡ የሚሠራውንም ሥራ ከሁሉ ይበልጥ የሚያበላሸው ይህ ነውና። የአርሙ ጎሚኒ እንደ ማጠፊያ የሚዞር ዕቃ አይደለም። ወፍራም ጎማው በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ የውጭኛው ቀለበት በአርሙ ውስጥ ተጠቅጥቆ ገብቷል፣ የውስጠኛው ደግሞ ቡሎኑ ሲጠብቅ ከሻንሲው ጋር ተቆንጥጦ አንድ አካል ይሆናል። ከዚያ በኋላ አርሙ ወደ ላይና ወደ ታች በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚዞር ብረት የለም፤ የሚጠመዘዘው የጎሚኒው ጎማ ራሱ ነው። ፋብሪካው ያሰበው መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ የጎሚኒው ጎማ ምንም ጥምዝ ሳይኖርበት እንዲያርፍ፣ ጉድጓድ ሲያጋጥም ወደ አንዱ አቅጣጫ፣ ጉብታ ሲያጋጥም ወደ ሌላው በመጠኑ እንዲጠመዘዝ ነው።

መኪናው ተነሥቶ ጎማው ሲንጠለጠል አርሙ ወደ ታች ያዘነብላል። በዚያ አኳኋን ቡሎኑን አጥብቀው ከቆለፉት ጎሚኒው ዕረፍቱን ያገኘው በተንጠለጠለበት ቦታ ላይ ነው ማለት ነው። መኪናውን ሲያወርዱት አርሙ ወደ ላይ ይነሣል፣ የውስጠኛው ቀለበት ግን ከሻንሲው ጋር ስለተያዘ የጎሚኒው ጎማ ይጠመዘዛል፤ ጥምዙም 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጎሚኒው መኪናው ቆሞ ባደረበት ሌሊት ሁሉ ሳይቀር እንደ ልብስ ተጨምቆ ያድራል። መንገድ ላይ ሲወጣ ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ ጥምዝ ይጨመርበታል። እንዲህ የታሰረ ውድ ዕቃም አይበረክትም።

መፍትሔው ልዩ መሣሪያ አይጠይቅም። መኪናው ገና ሳይነሣ፣ በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ ከጎማው መካከል ከላዩ እስካለው የፓርፋንጉ (የጎማው መከለያ ቆርቆሮ) ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው ይጻፉ። አዲሱን አርም ሲገጥሙ የጎሚኒዎቹን ቡሎኖች ክንዱ ሳይንገዋለል በነፃነት እስኪንቀሳቀስ ድረስ ብቻ ያስገቧቸው። ቦል ጆይንቱን ከገጠሙና ካጠበቁ በኋላ ሌላ ክሪክ በአርሙ ጫፍ፣ ከቦል ጆይንቱ አጠገብ አድርገው፣ የጻፉት ርቀት እስኪደርስ ቀስ ብለው ያንሡ። በዚህ ጊዜ መኪናው ከብረት መቆሚያው ላይ ሊነሣ ስለሚችል መቆሚያውን ካጠገብ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ርቀቱ ልክ ሲሆን ቡሎኖቹን ለመኪናው በተጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ያጥብቋቸው። መኪናውን በአራቱም ጎማ የሚያሳርፉበት ጠንካራ መወጣጫ ካለዎት በዚያ ላይ አድርገው ማጥበቅ ከዚህም ይሻላል።

አንዳንድ አርሞች የኋለኛው ጎሚኒያቸው ቡሎን ቀጥ ብሎ ከታች ወደ ላይ የሚገባ ሲሆን፣ በዚያኛው ላይ ይህ ጥምዝ በዚሁ መንገድ አይፈጠርም፤ የፊተኛው ግን ጥንቃቄውን ይፈልጋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ካስቸገርዎ ሁለቱንም ክብደት ካረፈ በኋላ ያጥብቁ፤ ምንም ጉዳት የለውም።

ጥያቄ፦ አንድ ወጣት ከሐዋሳ፣ «ጎረቤታችን መቆሚያ ሳይኖረው በክሪክ ብቻ ሲሠራ ዓመታት አልፈውታል፤ እኔም ከሥር ብሎኬት ባስገባ አይበቃም ወይ?» ይላል።

መልስ፦ አይበቃም። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለማቆየት አልተሠራም፤ ሃይድሮሊክ ክሪክ ዘይት ሲያንጠባጥብ በዝግታ ሊወርድ፣ በኮብልስቶን ላይ የቆመ የመቀስ ክሪክም በትንሽ ግፊያ ሊንሸራተት ይችላል። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ምልክት ሳይሰጥ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል። ቪትዝ ትንሽ መኪና ናት ቢባልም ወደ 1,000 ኪሎ ትመዝናለች። አርም ሲፈታ ደግሞ በመዶሻ መምታትና በረጅም ቁልፍ መጎተት አለ፤ ያ ሁሉ ንቅናቄ ወደ ክሪኩ ይተላለፋል። ሁለት የብረት መቆሚያ በሻንሲው ጠንካራ ቦታ ላይ፣ ለኋላ ጎማዎች ታኮ፣ ያወለቅኸውንም ጎማ ከመኪናው ሥር አጋድመህ። ይህን ማሟላት ካልቻልህ ሥራውን አትጀምረው። ወንድሜ፣ በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

ጥያቄ፦ ከአዳማ የጻፉልን ባለታክሲ ቦል ጆይንታቸው ላልቶ ሳለ አንድ ባለሙያ በቶርኖ አጥብቦና በብየዳ አስሮ በርካሽ እንደሚመልስላቸው ነግሯቸዋል። አዲስ አርም በጣም ስለተወደደ ይህን ቢያደርጉ ምን ይመስለኛል?

መልስ፦ እባክዎን አያድርጉት። በብዙ መኪኖች ላይ የፊት ጎማው ታች በቦታው የሚቆየው በዚህ አንድ ኳስ ነው። ኳሱ ከጎድጓዳው የወጣ ዕለት ጎማው ወደ ጎን ይተኛል፣ ፓርፋንጉን ይበላል፣ መሪው ከእጅ ይወጣል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሲጠመዘዙ ወይም ፍሬን ሲይዙ ነው። የብየዳ ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ይለውጠዋል፣ ውስጡ ያለውን ግራሶና ፕላስቲክ ያቃጥላል፣ የጎማ ሽፋኑንም ያበላሻል። ከላይ ሲያዩት ጠብቆ ይታያል፤ ውስጡ ምን እንደሆነ ግን ባለሙያውም አያውቅም። እርስዎ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ይጭናሉ።

አዲስ መግዛት ካልተቻለ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጂናል አርም መምረጥ ከብየዳው የተሻለ መንገድ ነው። ሲመርጡ የቦል ጆይንቱ ሽፋን ያልተቀደደ፣ ኳሱ በእጅ ሲዞር የሚከብድና የማይንከላወስ፣ ክንዱ ያልጎበጠና መዶሻ ያልነካው መሆኑን ይዩ። ከተቻለ ከአሮጌው ጎን ለጎን አስተኝተው ያመሳክሩ። በአንዳንድ ኮሮላዎች ላይ ቦል ጆይንቱ በቡሎን የሚታሰር ራሱን የቻለ ዕቃ ስለሆነ አርሙን ሳይነኩ እሱን ብቻ አዲስ መግዛት ይቻላል፤ የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ወጪው በእጅጉ ይቀልልዎታል። የላላውን ይዘው ግን መንገድ አይውጡ፤ ጋራዥ የሚያደርሱትም ጭነው እንጂ ነድተው አይሁን። ከገጠሙት በኋላ የሚያምኑት የእግር መካኒክ ይፈትሽልዎት፤ ይህን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ልመና ይቁጠሩልኝ።

ጥያቄ፦ ከሜሪላንድ፦ ዳዶው ተፈትቷል፣ ቦል ጆይንቱ ግን ከቦታው አልወጣ ብሏል፤ በክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው አዝጎታል።

መልስ፦ የቦል ጆይንቱ ግንድ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድና በቀዳዳው ውስጥ ተጠቅጥቆ የተያዘ ስለሆነ ጥርሱን በመዶሻ መደብደብ ጥርሱን ከማበላሸት በቀር አይጠቅምም። ዳዶውን በጥቂት ጥርስ መልሰው ያስገቡት፤ ድንገት ሲለቅ አርሙ እንዳይወረወር ይይዝልዎታል። ከዚያ ግንዱ የገባበትን ብረት ከጎኑ፣ ከባድ በሆነ መዶሻ፣ በአጭሩና በኃይል ይምቱት፤ በንዝረቱ ይለቃል። የዝገት ዘይት ረጭተው ማሳደርም ይረዳል። ሹካ የሚመስለው መለያያ የጎማ ሽፋኑን ስለሚቀድ የሚጠቀሙበት ቦል ጆይንቱ የሚጣል ከሆነ ብቻ ነው። በመጠምጠሚያ የሚገፋው ዓይነት ሽፋኑን ስለማይጎዳ ይመረጣል፤ እዚያ አገር ያሉ የመለዋወጫ መደብሮችም በማስያዣ ያውሱዎታል። ሲለቅም ጎማውን የተሸከመው ብረት ወደ ውጭ እንዳይንጠለጠል ይያዙት፤ ሴሚያሱን (ጎማውን የሚያሽከረክረውን ዘንግ) ከካምቢዮው በኩል ሊያወጣው፣ የፍሬኑን ቱቦና የኤቢኤሱን ሽቦም ሊወጥር ይችላል።

ጥያቄ፦ የቀኙ አርም በቀላሉ ወጣ፤ የግራው የፊተኛ ቡሎን ግን ተፈትቶ ሲያበቃ ካምቢዮው ከልክሎት አልወጣም። ብቆርጠውስ?

መልስ፦ አይቁረጡት። በአንዳንድ መኪኖች ላይ በአንደኛው ጎን ያለው ቡሎን የሚወጣው ሞተሩ ከሥር ተደግፎ ተሸካሚው ብረት ወረድ ሲል ወይም ሞተሩ በመጠኑ ሲነሣ ነው። ይህ በግቢ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ የፈቱትን መልሰው አጥብቀው ወደ ጋራዥ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ከዱባይ አንድ አንባቢ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የጎማ ዳዶ 76 ተብሎ ተጽፎ አይቶ በኒውተን ሜትር ቁልፉ 76 ላይ አጥብቋል።

መልስ፦ ያየው 76 በፉት ፓውንድ ነው፤ በኒውተን ሜትር 103 ይሆናል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ ያጥብቀው።

ጥያቄ፦ አርም ከተቀየረ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ያስፈልጋል?

መልስ፦ አዎን፤ አላይመንት ቤት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ቦል ጆይንቱን የሚቆልፈው ፒን ቀዳዳ ከዳዶው ክፍተት ጋር አልገጥም ላላቸው አንባቢ፣ ዳዶውን ትንሽ መልሶ ማላላት ይፈቀዳል ወይ?

መልስ፦ አይፈቀድም፤ የተጻፈውን ልክ ካደረሱ በኋላ ቀዳዳው እስኪገጥም ወደ ማጥበቁ ብቻ ይሂዱ። ፒኑም አዲስ ይሁን፤ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ቤተሰቦች እግሩ ሲያልቅ ይህን ሁሉ እንደ ቪትዙ በቤት መሥራት ይቻል እንደሆነ ከወዲሁ ማወቅ ይፈልጋሉ።

መልስ፦ የአሠራሩ መሠረት አንድ ነው፤ ጎሚኒውም ክብደት ካረፈ በኋላ መጥበቁ አይቀርም። ልዩነቱ ከሥር ነው። ባትሪው ወለሉን ከሞላ ጎደል ይዞታል፤ ክሪክ በባትሪው ሽፋን ላይ ካረፈ ያጎብጠዋል፤ የዚያ ጉዳት ዋጋ ደግሞ ከማንኛውም አርም ይበልጣል። ለማንሻ የተመደቡት ቦታዎች በጎንና በጎን ያሉ ጠባብ ነጥቦች ብቻ ስለሆኑ በመኪናው መመሪያ ላይ ፈልገው ያግኟቸው። ብዙዎቹ ወደ 2,000 ኪሎ ስለሚመዝኑም ለቪትዝ የገዙት ክሪክና መቆሚያ አይበቃቸውም፤ በመሣሪያው ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ አይተው ሌላ ይግዙ።