መልስ፦ ከመክፈልህ በፊት ነፃውን ሞክር

ወንድሜ፣ ለእህትህ ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ለማያይ ሰው በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ስትፈልግ ጆውስ የሚባለው የሚከፈልበት ፕሮግራም ዋጋ አስደንግጦህ «ረከስ ያለ የለም ወይ?» ብለሃል። ረከስ ያለ ሳይሆን ነፃ አለልህ፤ ኤንቪዲኤ ይባላል። በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማይክል ከረን ራሱ ዓይነ ስውር ነው፣ አውስትራሊያዊ።

ከጫንከው በኋላ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤንን አንድ ላይ ስትነካ መናገር ይጀምራል። እኔ የምወድለት ግን ፍላሽ ላይ መገልበጡን ነው። ኢንሰርትና ኤን ተጫን፣ ከመሣሪያዎች ዝርዝር ተንቀሳቃሽ ቅጂ መፍጠሪያውን ምረጥ፤ እህትህ የሰው ኮምፒውተር ላይም ፍላሿን ሰክታ ትሠራለች። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው የንባብ ድምፅ አማርኛም ያነባል። አልዋሽህም፣ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ጆሮ ግን ይለምደዋል።

ትንሽ የምታይ ከሆነ ምንም አታውርድ፤ የዊንዶውስ ቁልፍንና የመደመር ምልክትን ስትጫን ማጉያው ይከፈታል።

ጆውስን የምመክርህ የሥራ ቦታዋ ፕሮግራም ከኤንቪዲኤ ጋር አልግባባ ካለ ብቻ ነው። ያኔም መጀመሪያ ሳትከፍል ሞክረው፤ ያለ ፈቃድ 40 ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ካስፈለገ ደግሞ ከፋዩ አሠሪዋ ይሁን እንጂ አንተ አትሁን። ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚታደለውን የጆውስ ሕገወጥ ቅጂ ግን አደራ እንዳትነካው፤ እኔ በቫይረስ ፋይሎቼን ሁሉ አጥቼበታለሁ።