ስትሠራ ማን አይቶሃል? ስለ መጀመሪያ ዲግሪ ምርምርና ስለ ድኅረ ምረቃ ከድሬዳዋና ከሐረር ተማሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሁሉ አነበብኩ። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ሐረማያ የተማርኩ፣ ዛሬ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ የማማክር መምህር ነኝ። አብዛኞቻችሁ «የት ላመልክት?» ትላላችሁ። እኔ ግን ከዚያ በፊት «ስሠራ ማን አይቶኛል?» ብላችሁ ራሳችሁን እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ።

መምህር፣ የአሜሪካው ማክኔር ፕሮግራም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ለፒኤችዲ ያዘጋጃል ሲባል ሰማሁ። ማመልከት እችላለሁ? (የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ፣ ድሬዳዋ)

አትችልም፤ ጊዜህን እንዳታባክን በግልጽ ልንገርህ። በ1986 እ.ኤ.አ. በቻሌንጀር መንኮራኩር አደጋ በሞተው የፊዚክስ ሊቅና ጠፈርተኛ በሮናልድ ማክኔር ስም የተሰየመው ይህ ፕሮግራም የአሜሪካ ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን ብቻ ይቀበላል። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚሰጣቸው የክረምት የምርምር መርሐ ግብሮችም እንዲሁ ናቸው። አሠራሩን ግን ልብ በል። በአብዛኛው ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያ የሆነውንና ገቢው ዝቅተኛ የሆነውን ልጅ ይመርጣሉ፤ ከአንድ መምህር ጋር ያገናኙታል፤ ምርምር ያሠሩታል፤ ውጤቱን በሰው ፊት ያቀርባል፤ ማመልከቻውን ሲጽፍም ያግዙታል። ከገንዘቡ በቀር ከዚህ ሁሉ ድሬዳዋ ላይ የማይቻል ነገር የለም።

ለኢትዮጵያውያን ክፍት የሆነ የለም?

አለ። በጃፓን የኦኪናዋ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በሳውዲ አረቢያ የንጉሥ አብዱላህ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በኦስትሪያም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የውጭ ተማሪዎችን ለጥቂት ወራት ምርምር ይቀበላሉ፤ ወጪም ይደግፋሉ። ውድድሩ ብርቱ ነው። የሒሳብ ተማሪዎች ደግሞ በሩዋንዳ፣ በጋና፣ በሴኔጋል፣ በካሜሩንና በደቡብ አፍሪካ ማዕከላት ያሉትን የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም የማስተርስ ትምህርት ይመልከቱ።

ቤተ ሙከራችን በቂ መሣሪያ የለውም። ምን ምርምር ልሠራ እችላለሁ? (የጤና ተማሪ፣ ሐረር)

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ፤ በየዓመቱም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የምንኖረው በምርምር ጥያቄ መካከል ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ላይ በበጋ ወራት የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። አጥኚዎቹ ከታማሚዎቹ ቤት አካባቢ ያገኙት አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለውን፣ ከእስያ የመጣውን የከተማ ትንኝ ነው። ይህ ትንኝ ዝናብ አይጠብቅም፤ ሰው ውኃ በሚያጠራቅምበት ዕቃ ውስጥ ይራባል። የእኛ ከተማ በወባ ተመራማሪዎች ዘንድ እንዲህ ታወቀች። እስቲ አስቢ፣ በአንድ ሰፈር ስንት በርሜል ክዳን እንዳለው፣ ውኃው በስንት ቀን እንደሚቀየር፣ ውስጡ እጭ መኖሩን መመዝገብ ምን ውድ መሣሪያ ይጠይቃል? ደብተር፣ ባትሪ፣ ነጭ ጭልፋ፣ የባለቤቶቹ ፈቃድና የአማካሪሽ ክትትል ይበቃሻል። ሰዎችን የሚመለከት ጥናት ስለሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱን አስቀድመሽ አውጪ።

ለሌሎቻችሁም፣ የሐረማያ ሐይቅ የደረቀበትና ውኃው የተመለሰበት ታሪክ ለውኃ ምህንድስና ተማሪ፣ የሐረር የእጅ ጽሑፎች ደግሞ ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪ ገና ብዙ ሥራ አላቸው።

መምህሬን እንዴት ልጠይቅ? እፈራለሁ።

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ የአንድ መምህር ቢሮ በር ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ። «ምርምር አለዎት?» ብለህ አትጠይቅ። ከጽሑፎቹ አንዱን አንብብና «እዚህ ላይ ይህ አልገባኝም፤ መረጃ በመመዝገብ ላግዝዎት እችላለሁ?» በል።

የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። በዚያን ጊዜ አለማያ ይባል ከነበረው ኮሌጅ (ከዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ) በ1973 እ.ኤ.አ. ተመረቁ። በዚያው ዓመት ከአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ ጆን አክስቴል ጋር ተዋወቁና የማሽላ ዝርያ በመሰብሰብ አገዟቸው። አክስቴል ሥራቸውን አይተው ተማሪያቸው እንዲሆኑ ጋበዟቸው። ገቢሳ በ2009 እ.ኤ.አ. አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋም የማሽላ ምርምራቸው የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በሩን የከፈተላቸው ሲሠሩ ያያቸው ሰው ነው።

ውጤቴ 2.9 ነው። ተስፋ አለኝ?

አለህ። የተወሰኑ ቦታዎች ዝቅተኛ ነጥብ ስለሚያስቀምጡ አስቀድመህ አጣራ። ሥራህን በዝርዝር የሚያውቅ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ብዙ ያካክሳል፤ «ጎበዝና ትሑት ተማሪ ነው» የሚል ደብዳቤ ግን ምንም አይጠቅምም። በአገር ውስጥ ለመቀጠል የመውጫ ፈተናውንና አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አትናቅ።

ገንዘብ ከፍለን ጽሑፋችንን በሳምንት የሚያወጣልን መጽሔት አለ። እናውጣ?

አታውጡ። በሳምንት የታተመ ጽሑፍ በባለሙያ አልተገመገመም፤ አንባቢው መምህርም ይህን ያውቃል። በብራችሁ የመስክ ጉዞ ክፈሉ።

ልጄ ሲመረቅ ሥራ ይዞ ይረዳናል ብለን ነበር። አሁን እንደገና ልማር ይላል። (አባት፣ ሐረር)

አባቴ፣ ጭንቀትዎ ተገቢ ነው። በአሜሪካ በሳይንስ ዘርፎች ብዙ የፒኤችዲ መርሐ ግብሮች በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የመጣን ተማሪ ይቀበላሉ፤ ከትምህርት ክፍያ ነጻ አድርገው ለመኖሪያ የሚሆን ወርኃዊ ገንዘብም ይሰጡታል። የማመልከቻው፣ የቪዛውና የጉዞው ወጪ ግን አለ፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻውን በነጻ ያደርጋሉ። ሥራ ይዞ እያገለገለ ቢያመለክትም አይጎዳም። አንድ ዓመት ስጡት፤ እርሱም ምን እንደሚያመለክትና መቼ መልስ እንደሚያገኝ ቁጭ ብሎ ያስረዳችሁ።

የመመረቂያ ጽሑፋችንን አምስት ሆነን ነው የምንሠራው። የሚሠራው ግን አንድ ሰው ነው። ምን ይሻላል?

ያ አንድ ሰው አንቺ ከሆንሽ የራስሽን ደብተር ያዢ። በየቀኑ ምን እንደለካሽ፣ ምን እንደተበላሸና ለምን እንደቀየርሽ ጻፊ፤ በየሁለት ሳምንቱም ለአማካሪሽ አሳዪው። ከአራቱ አንዷ ከሆንሽ ደግሞ ነገ ጠዋት ሂጂና ከናሙናው የአንድ ሰፈሩን ድርሻ ተረከቢ።