ገንዳውን ከመሬት ከፍ ያድርጉት

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። የጠያቂው ቤት ከቦዬ ረግረግ ብዙ በማይርቅ ዝቅተኛ ሰፈር ውስጥ ይገኛል። በጓሯቸው 8 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ መዋኛ ገንዳ ለመሥራት አስበው በየካቲት 1 ሜትር ከ70 አስቆፈሩ። ሲሚንቶ ሲወደድባቸው ሥራው ቆመ። አሁን ሰኔ ገብቶ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበት የሚደርስ ውሃ ቆሟል። ግንበኛቸው «ውሃውን ስበን፣ ዙሪያውን በድንጋይ ገንብተን፣ በሲሚንቶ ለስነን እንጨርሰዋለን» ብሏቸዋል። እርሳቸው የጠየቁኝ ግን በገንዳው ዙሪያ የሚነጠፈው ድንጋይ ምን ዓይነት ይሁን፣ አጠገቡ ያለው የአቮካዶ ዛፍስ ይቆረጥ ወይስ ይቆይ የሚለውን ነው።

ወደ ድንጋዩ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ሲሚንቶ መወደዱን ያመስግኑ፤ በየካቲት ጨርሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ውሃ የሚተዋወቁት ገንዳው ከተሰነጠቀ በኋላ ነበር።

ውሃው የዝናብ ነው ወይስ የመሬት? ዝናብ በማይጥልበት ቀን ጉድጓዱን በፓምፕ ያስጠርጉ። አፉ ላይ ሸራ ይወጥሩበት፣ ጎርፍ እንዳይገባም ዙሪያውን አፈር ይከምሩ። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት መሐል ላይ ይትከሉና ያሳድሩት። ጠዋት ውሃው ተመልሶ ካገኙት ከሰማይ አልመጣም። የጉድጓዱን ግድግዳ ከላይ ወደ ታች በእጅዎ ይዳስሱት፤ ከየትኛው ከፍታ ጀምሮ እንደሚያለቅስ ጣትዎ ይነግርዎታል። እንደ እኔ ግምት የእርስዎ የመሬት ውሃ ነው። ቤትዎ ጅሬን ዳገት ላይ ቢሆን ኖሮ የምነግርዎ ከላይ ስለሚወርድ ጎርፍ ነበር፤ ቦዬ አጠገብ ግን ጠላትዎ ከታች የሚገፋው ነው።

እንዴት እንደሚገፋ በገዛ ዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት የሠራሁት ገንዳ ነበር፤ ባለቤቱ ለእንቁጣጣሽ ቀለም ላስቀባው ብሎ በነሐሴ ውሃውን በሙሉ አፈሰሰው። በሦስተኛው ቀን ጠርቶኝ ስሄድ አንደኛው ማዕዘን አንድ ስንዝር ያህል ተነሥቷል፤ ዳሩ ላይ ያነጠፍኩት ድንጋይም እንደ ደረቀ ዳቦ ተሰነጣጥቋል። ባዶ ገንዳ ጀልባ ነው። ይህን የተማርኩት በሰው ገንዘብ መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሒሳቡን በእርስዎ ልክ እንሥራው። ወለሉና ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ፣ ግድግዳው 1 ሜትር ከ40 ቁመት ቢኖረው ባዶው ገንዳ ወደ 36 ቶን ይመዝናል። ከውጭ የሚይዘው ቦታ 37 ካሬ ሜትር ያህል ነው። የመሬቱ ውሃ ከወለሉ ሥር አንድ ሜትር ወደ ላይ ቢወጣ 37 ቶን ወደ ላይ ይገፋል፤ ከገንዳው ክብደት በለጠ ማለት ነው። ውሃው እስከ መሬቱ ወለል ቢደርስ ግፊቱ 59 ቶን ይሆናል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ገንዳውን ከመሬት ማውጣት ነው። ከጠቅላላው 1 ሜትር ከ60 ቁመት 70 ሳንቲ ሜትሩ ብቻ ይቀበር፣ 90 ሳንቲ ሜትሩ ከመሬት በላይ ይቁም። ያን ጊዜ ውሃው እስከ መሬቱ ወለል ቢደርስ እንኳ ግፊቱ ወደ 26 ቶን ስለሚወርድ ባዶው ገንዳ ንቅንቅ አይልም። በትርፍ የተቆፈረውን አንድ ሜትር የወጣውን አፈር መልሰው እንዳይሞሉበት። ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጥሬ ድንጋይና ጠጠር ይሙሉበት፤ ከጠጠሩ ውስጥ ቀዳዳ ያለው የፒቪሲ ቱቦ አስገብተው ወደ አንድ የመሰብሰቢያ ጉድጓድ ያምጡት፣ ፓምፕ የሚገባበትም ይሁን። ይህ ሁሉ ተደርጎም በክረምት ገንዳውን ባዶ አያድርጉት።

አሁን ስለ ግንበኛው። ድንጋይ ገንብቶ በልስን ውሃ አቆማለሁ ማለቱን አልቀበልም። የድንጋይ ግንብ ክብደት ይሸከማል እንጂ ሲላወስ ይሰነጠቃል፤ ልስኑም አብሮት። ገንዳው አርማታ ይሁን፣ በተለይ ከመሬት ወጥቶ ውሃው ግድግዳውን ወደ ውጭ ስለሚገፋው። የፌሮውን ውፍረትና ርቀት መሐንዲስ ይሥራልዎ፤ ከእኔም ከግንበኛውም አይውሰዱት። ወለሉ ተሞልቶ ግድግዳው በሌላ ቀን የሚሞላ ከሆነ በመገናኛው ላይ የውሃ መከላከያ ጎማ ይቀበር። ካሳፎርማው ሲፈታ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ያጠጡት።

ዙሪያውን ከመሙላትዎ በፊት ገንዳውን ሞልተው ይፈትኑት። አንድ ባልዲ ውሃ ሞልተው በገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ፣ ግማሽ ጎኑ በገንዳው ውሃ ውስጥ እንዲሆን ያስቀምጡ፤ የሁለቱንም ከፍታ በእርሳስ ያስምሩ። በማግስቱ ሁለቱም እኩል ከጎደሉ ፀሐይ ወስዶታል። ገንዳው ከባልዲው በላይ ከጎደለ ያፈሳል፤ ያኔ ግድግዳው ገና ስላልተሸፈነ እርጥቡን ቦታ በዓይንዎ ያገኙታል።

ግንበኛዎ ሥራ አያጣም። ገንዳው ከፍ ስላለ ዙሪያውን የሚይዝ የድንጋይ ግንብ ያስፈልጋል፤ ያን እርሱ ይገንባ፣ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳም ይተውለት። በግንቡና በገንዳው መካከል ገረጋንቲ በ20 በ20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈና እየተጠቀጠቀ ይሞላል። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው በሁለተኛው ክረምት የጎደጎደ ንጣፍ ያገኛል። ንጣፉ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ከገንዳው ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ውሃ ልክ ተይዞ። በገንዳው ዳር ድንጋይና በንጣፉ መካከል የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይተውና በሚለጠጥ ማስቲሽ ይሞላ። ገንዳው በራሱ መሠረት፣ ንጣፉ በሙሌት ላይ ስለተቀመጡ አንድ ላይ አይንቀሳቀሱም። ግንበኞች ይህችን ክፍተት በሲሚንቶ መድፈን ስለሚወዱ በዚያ ቀን ከአጠገቡ አይራቁ።

ድንጋዩን በተመለከተ፣ እብነ በረድ አይግዙ፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ኮብልስቶን ለባዶ እግር አይመችም። የአምቦ ድንጋይ መልኩ ያምራል፣ ነገር ግን የጅማ ቀይ ጭቃ በጫማ ተሸክሞ ሲመጣ ፈዛዛ ድንጋይ ላይ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። እኔ ብሆን በመሮ ሻካራ ሆኖ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ እመርጣለሁ። ፀሐይ ግን ይስባል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ሦስት ናሙና ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ፀሐይ ላይ ያኑሩ፤ ጫማዎን አውልቀው ይቁሙበት፣ ከዚያ ውሃ አፍስሰው ደግመው ይቁሙበት።

አቮካዶው በስተምሥራቅ ከሆነ ይቆይ፤ የጠዋት ጥላ ይሰጣል፣ የከሰዓቱን ፀሐይ አይከለክልም። የጅማ ሌሊት ቀዝቃዛ ነውና ያች ፀሐይ ለውሃው ታስፈልገዋለች። ወደ ገንዳው የዘረጉትን ቅርንጫፎች ብቻ ያስቆርጡ። የትርፍ ውሃ ማስወጫ ቱቦም አይርሱ፤ ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፣ ገንዳዎ ላይ ብቻ የሚወርደው 48 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ገንዳው ራሱ የሚይዘው ከዚያ ያነሰ ነው።

በዚህ ክረምት አርማታ አይሙሉ። ጉድጓዱን ግን ዛሬውኑ በቆርቆሮ ይጠሩት፤ ጉልበት ድረስ ያለ ውሃ ለሕፃን በቂ ጥልቀት ነው። እንጨቱን በየሳምንቱ እያዩ ከፍተኛውን ምልክት ይመዝግቡና በመስከረም መጨረሻ ይላኩልኝ። ውሃው ከመሬቱ ወለል አልፎ ከተኛ 70 ያልኩትን ወደ 50 ዝቅ እናደርገዋለን።